የኪራይ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ሐዋሳ፦ መስተንግዶው ያስመሰግናል፣ የፊት ጎማው ግን አሳስቦኛል

ባለፈው ወር ለወንድሜ ልጅ ሠርግ አራት ሆነን ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በአንድ የግል ድርጅት የኪራይ አውሮፕላን ተጉዘን ተመልሰናል። ጉድለቱ በመጨረሻ ስለታረመ የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ይሁንና እንዲህ ያለ አገልግሎት ለመከራየት የሚያስብ ሰው ከመሳፈሩ በፊት ምን ማየት እንዳለበት ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ደብረ ዘይት ውስጥ ለረጅም ዓመታት በአውሮፕላን ጥገና ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ዓይኔ ከመቀመጫው ምቾት ይልቅ ጎማው ላይ ቢያርፍ አይፈረድብኝም።

ስለ መስተንግዶው ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ነው። ቀጠሮ አክብረዋል፤ ሻንጣችንን ብቻ ሳይሆን እኛንም አንድ በአንድ መዝነዋል። ይህ ባለቤቴን ቅር ቢያሰኛትም ለትንሽ አውሮፕላን ትክክለኛው አሠራር ነው። በመኪና ግማሽ ቀን የሚፈጀውን መንገድ የዝዋይን፣ የላንጋኖንና የሻላን ሐይቆች ከላይ እያየን በአንድ ሰዓት ገደማ ጨርሰናል።

አውሮፕላኑ ባለ አንድ ሞተርና ባለ ስድስት መቀመጫ ሴስና 206 ነው። ጎማዎቹ ስለማይታጠፉ፣ አብራሪው ማውረዱን ረስቶ በሆዱ ያርፋል የሚል ስጋት የለበትም። ሁለቱ ዋና እግሮች ከሞላ ብረት የተሠሩ በመሆናቸው እንደ መኪና ባሌስትራ ተለጥጠው ይመለሳሉ፤ ጣጣቸው ጥቂት ነው። ጣጣው ያለው ፊት ለፊት ነው። የፊተኛው እግር ዘይትና የታመቀ አየር የያዘ አሞርዛተር ነው፤ ጎማው መሬት ሲነካ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ እያለፈ ምቱን ያበርዳል፣ አየሩ ደግሞ ክብደቱን ተሸክሞ እግሩን መልሶ ይዘረጋል። አየሩ ከሸሸ እግሩ ይቀመጣል፣ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ዝቅ ይላል፣ በፕሮፔለሩ ጫፍና በመሬቱ መካከል ያለው ክፍተትም ይጠባል።

ቦሌ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነበር። አራት ጣት ያህል መታየት የነበረበት የሚያብረቀርቀው የአሞርዛተሩ ዘንግ ሁለት ጣት እንኳን አልሞላም፤ ከሥሩም ቀላ ያለ ዘይት አቧራ ይዞ እንደ ጭቃ ተጋግሯል። ለወጣቱ አብራሪ ባሳየው፣ «ጋሼ፣ አያስቡ፤ ትናንት ማታ አየር ተሞልቶለታል» አለኝ። «ልጄ፣ ትናንት ተሞልቶ ዛሬ ከተቀመጠ እኮ ጎሚኒው አልቋል ማለት ነው» ብዬው ዝም አልኩ፤ ጎሚኒ የምንለው ዘይቱና አየሩ እንዳይሾልክ የሚያፍነውን የላስቲክ ቀለበት ነው። ከዚያ በኋላ መሳፈሬ የራሴ ጥፋት ነው፤ ሠርግ ላይ መዋል ያለበት ሰው ክርክር አያበዛም።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል፣ የፍጥነት መለኪያው ባሕር ዳርቻ ላይ የሚያሳየውን ያንኑ ቁጥር እያሳየ እንኳ ጎማው መሬት የሚነካው ወደ 10 በመቶ በሚጠጋ ብልጫ ፈጥኖ ነው፤ ጎማውና ፍሬኑ የሚችሉት ጉልበት ደግሞ ወደ 20 በመቶ ይጨምራል። አብራሪው ዋናዎቹን ጎማዎች በልስላሴ አሳረፈ። አፍንጫው ወርዶ የፊት ጎማው አስፋልቱን በነካ ቅጽበት ግን የአውሮፕላኑ ወለል ከእግራችን ሥር ይርገፈገፍ ጀመር፤ የደኅንነት ቀበቶው ብረት ተንቀጫቀጨ፣ ባለቤቴ ክንዴን ጨመደደች። ይህ ባለሙያዎች ሺሚ የሚሉት፣ የፊት ጎማው ግራና ቀኝ በፍጥነት የሚወዛወዝበት ሁኔታ ነው። ልጁ ሳይደናገጥ መሪውን ወደ ራሱ ስቦ የፊቱን ጎማ ከክብደት አሳረፈው፤ ፍሬንም አላበዛም። ትክክለኛው መፍትሔ ይኸው ስለሆነ በችሎታው ላይ ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ ጥገናው ላይ ነው። ሺሚ በአንድ ቀን አይፈጠርም። መቀስ የምንላቸው ሁለት ማጠፊያዎች ቡሻቸው፣ ማለትም መገጣጠሚያቸው ውስጥ ያለው ቀለበት፣ ሲበላ፣ ውዝዋዜውን የሚገታው ትንሹ ሲሊንደር ዘይቱ ጎድሎ አየር ሲገባው ወይም ጎማው ሚዛኑን ሲስት ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው። ቸል ከተባለ ደግሞ እግሩ የታሰረበትን፣ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል የሚለየውን ግድግዳ እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል፤ ያኔ ወጪው ከጎሚኒ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ድርጅቱ ይህ ሲነገረው አልተከራከረም፤ አውሮፕላኑን ሐዋሳ ላይ አቁሞ በማግስቱ ሁለት ባለሙያዎችን ላከ። የመመለሻ በረራችን አንድ ቀን ዘግይቷል፤ እኛም ቀኑን አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን አሳለፍነው። ስንመለስ የፊቱ እግር ታጥቦ፣ ዘንጉ አራት ጣት ወጥቶ ቆሞ አገኘሁት። አንደኛው ባለሙያ የወጣውን ጎሚኒ በጨርቅ ጠቅልሎ አሳየኝ፤ በጣቴ ሳጥፈው ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። የመቀሱን ቡሾች መቀየራቸውን፣ አሞርዛተሩንም በተራ አየር ፋንታ በኒትሮጅን መሙላታቸውን ነገረኝ። ኒትሮጅን እርጥበት ስለሌለው ውስጡን አያዝገውም። ቦሌ ስናርፍ የፊት ጎማው መሬት መንካቱን ያወቅሁት በድምፁ ብቻ ነው።

አገልግሎቱን ድጋሚ እጠቀምበታለሁ፤ ለሌላውም እመክራለሁ፤ ነገር ግን ከመሳፈሬ በፊት ጎንበስ ብዬ ዘንጉን በጣቴ ሳልለካ አይሆንም። ሐዋሳ ላይ ለጨመርናት አንድ አዳር የከፈልነውን ሒሳብ ግን ደረሰኙን ከላክሁላቸው ሦስት ሳምንት ቢያልፍም እስካሁን አልመለሱልንም።