ቅርጽ ማስተማር፦ በስልክ ወይስ በሳንቡሳ?

የሦስት ዓመት ልጅ ክብና ሦስት ማዕዘንን ከየት ይጀምር? ከስልክ አፕ ወይስ ከቤት ዕቃ?

ወጪ፦ አፑ ነጻ ቢሆን እንኳ ሲወርድ ዳታ ይበላል። ሰፌድና የክብሪት ቀፎ ቤት አለ።

ቅለት፦ እዚህ ስልኩ ያሸንፋል። ልጁ ብቻውን ይነካካል። በዕቃ ሲሆን አጠገቡ መቀመጥ ግድ ነው።

ዋናው ልዩነት ግን መረዳቱ ላይ ነው። ስክሪን ላይ ሦስት ማዕዘን አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ወደ ላይ ነው። ሲገለበጥ ልጁ «ይሄማ አይደለም» ይላል። ሳንቡሳን ግን በእጁ ያዞረዋል፣ ጫፎቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ይቆጥራል። ከዚያ ይበላዋል፤ ትምህርቱም ያልቃል።

ዕቃም ያሳስታል። ብርቱካን ድቡልቡል እንጂ ክብ አይደለም፤ ክቡ ለሁለት ሲቆረጥ የሚታየው ፊቱ ነው። ሳንቲም ደግሞ ይዋጣል፣ ይቅርባችሁ። የስልኩ ችግር ሰዓቱ ነው፦ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ ይመክራል።

ገና ቅርጽ መለየት ለጀመረ ልጅ ዕቃው ይሻላል። ስሞቹን ለመከለስ፣ በተለይ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ አፑ ይበቃል።