ግድግዳዬ ተሰነጠቀ፤ ጠበቃ መያዝ ያዋጣል ወይ?

ኮተቤ ካለው ቤታችን ጎን ለሕንፃ መሠረት ተብሎ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረና የሳሎናችን ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ጣሪያው ተሰነጠቀ፤ አጥራችንም በከፊል ተንዶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ሽማግሌ ብንልክ የግንባታው ባለቤት «ድሮም የተሰነጠቀ ቤት ነው» ብሎ መለሰ። ከዚህ በኋላ ነው ልደታ አካባቢ ቢሮ ያለው ጠበቃ ዘንድ የሄድኩት።

ከሁሉ የወደድኩት የመጀመሪያውን የምክር አገልግሎት ነው። 1,500 ብር ከፈልኩ፤ አይቆጨኝም። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየና «እትዬ፣ መሰንጠቁንማ ማንም ያያል። ከቁፋሮው በፊት አለመሰንጠቁን በምን ያስረዳሉ?» አለኝ። ስልኬን ስበረብር ፋሲካ ዕለት ልጆቹ ሳሎን የተነሱት ፎቶ ተገኘ። ከኋላቸው ያው ግድግዳ ቀለሙ እንደጸዳ፣ የመስኮቱ ጥግ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቀኑም አለበት። ጉዳዩን የያዘልን ይህ ፎቶ ነው ብዬ አምናለሁ።

ባለሙያ ሳያየው ምርጊት እንዳናስነካው አስጠነቀቀን። የላከልን መሐንዲስ ስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጥፎ ቀን ጻፈበት፤ ቁፋሮው ሲቀጥል ጀሶው ለሁለት ተከፈለ። ግድግዳው ገና እየሄደ መሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላየሁም። የጥገናውን ግምትም በዝርዝር አዘጋጀልን።

ሌላው የነገረኝ የጊዜውን ነገር ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት የካሳ ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ዛሬ ነገ እጠግንልሻለሁ» እያለ የሚያጓትት ጎረቤት ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህችን ቁጥር ያዙ።

ክሱን ይዞ መከራከሩም ዋጋ ነበረው። ባለቤቱንም ተቋራጩንም አንድ ላይ ከሰሰ። የባለቤቱ መልስ ሲመጣ «ተጠያቂው ተቋራጩ ነው» የሚል ነበር፤ ተቋራጩ ግን አስቀድሞ ተከሳሽ ሆኖ እዚያው ቆሟል። እኔ ብቻዬን ብጽፈው ይህን ከየት አመጣዋለሁ?

የማልወደው የክትትሉን ነገር ነው። ስልክ አያነሳም። ቀጠሮ ተለውጦ ችሎት በር ላይ የሰማሁበት ጊዜ አለ፤ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ለሚመጣ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ክፍያውንም ግማሹን አስቀድሞ ነው የሚቀበለው። ውሉን በጽሑፍ አድርጉት፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ብትረቱ ወጪና ኪሳራ ስትጠይቁ ያስፈልጋችኋል፣ ፍርድ ቤቱ የሚወስነው ለጠበቃ የከፈላችሁትን በሙሉ ባይሸፍንም። ሰነዶች ማረጋገጫ ስትሄዱ ደግሞ ውክልናውን ሳታነቡ አትፈርሙ። እኔ ጠበቃው በስሜ ገንዘብ እንዲቀበል የሚፈቅደውን «ገንዘብ ተቀብሎ» የሚለውን ሐረግ አስወጥቻለሁ፤ እሱም ቅር አላለውም።

ክሱ ከተከፈተ በኋላ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤቱ አስማሚ ተመራ። የመሐንዲሱ ግምት ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ የባለቤቱ ድምፅ ተለወጠ፤ የጥገናውን ወጪ ሊከፍል ተስማማ። ጠበቃው ስምምነቱ በፍርድ ቤት እንዲጸድቅ አጥብቆ ያዘ፤ ባይከፍል በቀጥታ አፈጻጸም ከፍቶ በፍርድ ቤት አስገድዶ ማስከፈል እንዲቻል ነው። ገንዘቡ ተከፍሎ ግድግዳው ተጠግኗል።

እና ያዋጣል ወይ? ጉዳቱ የቤቱን መሠረትና ግድግዳ የነካ ከሆነ፣ ሌላው ወገንም ጠበቃ ከያዘ፣ ያዙ። የተነቀለ ቆርቆሮ ወይም የተሰበረ መስታወት ከሆነ ግን የጠበቃው ክፍያ ከካሳው ሊበልጥ ይችላል። ያኔ ለምክሩና ለክስ ማመልከቻው ብቻ ከፍላችሁ ራሳችሁ ቁሙ፤ ወይም ለባል፣ ለወንድም፣ ለልጅ ውክልና ስጡ፣ ሕጉ ይፈቅዳል።

እኔ ሌላ ጉዳይ ቢገጥመኝ እዚያው እመለሳለሁ፤ የቀጠሮ ለውጥ በዕለቱ እንዲነገረኝ ግን ውሉ ላይ አስጽፋለሁ።