ሰባት ወር ያለ ጥይት ቃታ ስስብ፦ ሪቮልቨሬ ምን ለወጠች?

ይቺን ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይት መጉረሻዋ የሚሽከረከር ሽጉጥ፣ ከገዛሁ 7 ወር ሞላኝ። 6 ጥይት የምትጎርስ፣ አፈሙዟ 4 ኢንች የሆነ .357 ማግነም ናት። .38 ስፔሻል የሚባለውን ጥይትም ትተኩሳለች። ለልምምድ የምጠቀመው እሱን ነው፤ ዋጋው ይቀላል፣ እጅም ያን ያህል አይመታም። የምንኖረው ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ነው። የገዛኋት ለቤት መጠበቂያ ስለሆነ ወደ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) ካልሄድኩ በቀር ከቤት አትወጣም።

ስለ ጥንካሬዋ ብዙ አልልም፤ አንድም ቀን አልከሸፈችብኝም። ላወራላችሁ የፈለግኩት ስለ ቃታዋ ነው።

አዲስ ሳለች ቃታዋ ያስመርር ነበር። መዶሻውን በአውራ ጣት ሳትስቡ ቃታውን ብቻ ስትስቡ ሥራው ሁሉ ጣታችሁ ላይ ይወድቃል። ጥይቶቹን የያዘውን ሲሊንደር ያዞራል፣ መዶሻውን ወደ ኋላ ይወስዳል፣ ሞላውን ይጨምቃል፣ ከዚያ ይለቀዋል። የኔዋ መሃል ላይ ስትደርስ አሸዋ የገባባት ይመስል ትንገጫገጭ ነበር። በመለኪያ ሳየው 12 ፓውንድ፣ ማለትም 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ሆነ። ወረቀቱ ላይ ደግሞ ጥይቶቼ ወደ ታችና ወደ ግራ ይሄዱ ነበር። በቀኝ እጁ የሚተኩስ ሰው ቃታ ሲመነጭቅ የሚሆነው ይኸው ነው።

አንድ ወዳጄ ሞላውን በለስላሳ እንድቀይረው መከረኝ። አልቀየርኩም። ሞላው ሲለሰልስ መዶሻው የጥይቱን ቂጥ በደንብ ላይመታው ይችላል። ቤት የምትጠብቅ ሽጉጥ ከምትከሽፍ ቃታዋ ቢከብድ ይሻለኛል። ስለዚህ ድራይ ፋየር ጀመርኩ፤ ያለ ጥይት ቃታ መሳብ ማለት ነው።

የምሠራው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ጥይቱ ሌላ ክፍል ተቆልፎበት ይቀራል። ሲሊንደሩን ከፍቼ ስድስቱንም ጉድጓድ በዓይኔ አያለሁ፣ በጣቴም እዳስሳለሁ። ከዚያ ስናፕ ካፕ አጎርሳለሁ። ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ነው፤ ጥይቱን የሚወጋው መርፌ ባዶውን እንዳይመታ ያደርጋል። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ሪቮልቨሮች ያለሱም ችግር የለባቸውም፤ እኔ ግን አልጨክንም። .22 የሚባለውን ትንሽ ጥይት የምትተኩስ ከሆነች ግን ያለሱ አትሞክሩት። መርፌው የጉድጓዱን ጠርዝ እየመታ ያበላሸዋል። የማነጣጥረው ወደ እሳት ማንደጃው የጡብ ግድግዳ ብቻ ነው። አባቴ ልጅ ሆነን ዱላ እንኳ እንደ ጠመንጃ ሰው ላይ ስንደግን ይቆጣን ነበር።

በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 50 ጊዜ እስባለሁ። አፈሙዙ ላይ፣ ከፊት ማነጣጠሪያው ኋላ፣ አንድ ዳይም (የአሜሪካ 10 ሳንቲም) አስቀምጣለሁ። ሳንቲሙ ሳይወድቅ «ቀጭ» ካለ ያቺ ተሳክታለች። መጀመሪያ ከ10 ሁለቱ ቢሳካልኝ ነው። በሦስተኛው ወር ስምንት ደረስኩ። ያኔ ሽጉጧን ሳጸዳ ዘይቱ እንደ እርሳስ ግራጫ ሆኖ ጨርቁ ላይ ወጣ። ውስጥ ያሉት ብረቶች እየተፋተጉ የለቀቁት ብናኝ ነው።

አሁን መለኪያው 11 ፓውንድ ከሩብ ይላል። ብዙ አልቀነሰም። መንገጫገጩ ግን ጠፍቷል፤ መለኪያ ደግሞ ልስላሴን አያሳይም። ለውጡ የሽጉጧ ነው ወይስ የጣቴ? ይሄ ጥያቄ ሲከነክነኝ ከርሞ አንድ ማታ በግራ እጄ ሞከርኩት። ግራ ጣቴ ምንም አልተለማመደም። አሸዋው አልተሰማኝም፤ ሳንቲሙ ግን በሳብኩ ቁጥር ወደቀ። ብረቱ ለስልሷል፣ ያ እውነት ነው። እጄን የሚያረጋጋው ግን የጣት ልምምዱ ነው፤ ለኔ ትልቁ ድርሻ የሱ ነው።

ያልተለወጠም አለ። ቃታው ሊለቅ ሲል አሁንም ይከብዳል፤ እዚያ ጋ መቸኮል አያዋጣም። ባለፈው ቅዳሜ ሬንጅ ሄጄ በ7 ያርድ ስድስት ተኮስኩ። አምስቱን በሲኒ ማስቀመጫ መሸፈን ይቻላል። በስድስተኛዋ ቸኮልኩ፤ ወደ ታችና ወደ ግራ ሄደች።