የጅማው የቡና ገዢና ሻጭ መድረክ፦ ለእኛ ለአቅራቢዎች ምን ጠቀመን?

በጥር ወር እዚሁ ከተማችን በአንድ ሆቴል አዳራሽ ለሁለት ቀን በተካሄደው ዓለም አቀፍ የቡና ገዢና ሻጭ መድረክ ላይ ተካፍያለሁ። ከዚያ ወዲህ ማና፣ ጌራና ሊሙ ኮሳ ያሉ ወዳጆቼ «የከፈልሽው ገንዘብ ወጣልሽ ወይ? በሚቀጥለው እንመዝገብ?» እያሉ ይደውሉልኛል። ለሁሉም የሚሆን መልስ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው። ተመዝገቡ። ነገር ግን ለስብሰባው አዳራሽ ብላችሁ ሳይሆን ለቅምሻው ጠረጴዛና ጎን ለጎን ለምትቀመጡት የአገራችሁ ሰው ብላችሁ ተመዝገቡ።

እኔ አጋሮ አጠገብ ያለውን የቤተሰባችንን የእሸት ቡና መፈልፈያ ነው የማስተዳድረው። አባቴ ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) በፈረሱላ እየገዛ ለላኪ ሲያቀርብ ኖሯል፤ ቡናው ከመጋዘን ከወጣ በኋላ የት አገር ደርሶ ማን እንደጠጣው ሳያውቅ ነው ያረጀው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ሲጀምር ክብደቱና ክፍያው አስተማማኝ ሆነልን፤ ይህን ማንም አይክድም። ሆኖም ቡናችን መጋዘን ገብቶ ደረጃ ከወጣለት በኋላ ተመሳሳይ ደረጃ ካለው የሌላ ሰው ቡና ጋር ስለሚቀላቀል የአቅራቢው ስም እዚያው ይቀር ነበር። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ሲወጣ ከገዢ ጋር በቀጥታ የመገናኘት በር ተከፈተ። በሩ ሲከፈት ግን ገዢ የመፈለጉም ሥራ በእኛ ትከሻ ላይ ወደቀ። ጎማ ወረዳ ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ገዢ ፍለጋ ማለት አዲስ አበባ ወርዶ፣ ሆቴል ተከራይቶ፣ የላኪዎችን ቢሮ ማንኳኳት ነበር።

ስለዚህ መድረኩ ጅማ መምጣቱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ትልልቆቹ የቡና ስብሰባዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደውን የዓለም ቡና ጉባኤ ጨምሮ፣ አዲስ አበባ ላይ ነበር የሚደረጉት። ከዚያ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ ይህን መንገድ እስከ ዛሬ ስንመላለስበት የኖርነው እኛ ነን፤ አሁን ገዢው መጣ። ደግሞም ይህች ከተማ ለንግድ እንግዳ አይደለችም። በአባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከሸዋም፣ ከጎጃምም፣ ከወሎም ነጋዴ ይስብ ነበር።

ወደ መድረኩ ልግባ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በንግግር አለቀ። ፕሮግራሙ ሦስት ሰዓት ይላል፤ የተጀመረው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከዚያ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ ከእሱም ቀጥሎ ሌላ ንግግር፣ ቀጥሎም የባንኮች ማስታወቂያ። ከውጭ የመጡት ገዢዎች ስልካቸውን እያዩ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን ቋንቋው ነው። ንግግሩ ሁሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነበር። ከአዳራሹ ተቀማጭ እኩሌታው ከጎማ፣ ከጌራና ከሰቃ ጮቆርሳ የመጡ፣ አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ የማኅበር መሪዎችና ገበሬዎች ናቸው። ከጎኔ የተቀመጡት የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ሁላችንም ሀጂ የምንላቸው፣ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ስለ እኛ ቡና ነው የሚያወሩት?» አሉኝ። «አዎ ሀጂ፣ ስለ እኛ ነው» አልኳቸውና እስከ ምሳ ድረስ በጆሯቸው እየተረጎምኩላቸው ቆየሁ። ስለ ቡናቸው በሚደረግ ስብሰባ ላይ የቡናው ባለቤት ሳይገባው መቀመጥ የለበትም። ጅማ ላይ አስተርጓሚ ማግኘት ከባድ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በጠረጴዛዎቹ ላይ የረዱን ተማሪዎችም ሥራቸውን አሳምረው ሠርተዋል። እነዚያኑ ልጆች ጠዋትም አዳራሹ ውስጥ ማቆም ይቻል ነበር።

ሌላም አለ። ለናሙና ማሳያ ጠረጴዛ ተጨማሪ ክፍያ እንዳለ የተነገረን በር ላይ ነው። መጠኑ ብዙ ባይሆንም አንዳንድ ትንንሽ አቅራቢዎች ናሙናቸውን ይዘው ተመልሰዋል። በእረፍት ሰዓት የቀረበው ቡና ደግሞ ከሙቅ ውሃ ጋር የተቀመጠ የታሸገ ዱቄት ነበር። ጅማ ላይ፣ የቡና ገዢ ፊት፣ ይህ መሆን አልነበረበትም።

ከሰዓት በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ለዚህ አዘጋጆቹን ከልብ አመሰግናለሁ። ከመድረኩ በፊት እያንዳንዱ ተመዝጋቢ ቅጽ ሞልቶ ነበር፤ የታጠበ ነው ያልታጠበ፣ ስንት ጆንያ፣ ከስንት ከፍታ፣ መቼ ሊጫን ይችላል የሚል። ገዢዎቹም የራሳቸውን ሞልተዋል። በዚያ መሠረት ማን ከማን ጋር በስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ ቀድሞ ተደልድሏል። ሃያ ሃያ ደቂቃ ነው። ካርድ ተቀያይሮ የመለያየት ነገር አልነበረም፤ ሰውየው ሲቀመጥ ምን እንዳለኝ ያውቃል። ያልታጠበ ጅማ የሚፈልገው የሳውዲው አስመጪ እኔ ጋ አልተላከም፤ ከጀርመን የመጣችውና አነስተኛ መጠን ያለው የታጠበ ሊሙ የምትፈልገው ሴት ግን ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። (የእኛ የጎማ ቡና ሲታጠብ ሊሙ፣ ሳይታጠብ ሲቀር ጅማ ተብሎ እንደሚሸጥ ለማያውቁ ላስታውስ።)

ለዚህ ጠረጴዛ ሳትዘጋጁ እንዳትሄዱ። እኛ የምናስበው በብርና በፈረሱላ ነው፤ ገዢው የሚያወራው በኒው ዮርክ ገበያ ላይ ተመሥርቶ በአሜሪካ ሳንቲም በፓውንድ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ በፓውንድ 37 ተኩል ያህል ይሆናል። ይህን ስሌት ቀድማችሁ ወረቀት ላይ ሠርታችሁ፣ ከማጓጓዣው፣ ከማበጠሪያውና ከጆንያው ወጪ ጋር ደምራችሁ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ የምትሰጡትን ዋጋ ይዛችሁ ግቡ። ሃያ ደቂቃው በስልክ ካልኩሌተር ላይ ካለቀ ስለ ቡናው ለማውራት ጊዜ አይተርፍም። ክፍያው በኤልሲ (በባንክ ዋስትና) ይሁን በሲኤዲ (ሰነድ ሲቀርብ በሚከፈል) የሚለውንም ከባንካችሁ ጋር ጨርሳችሁ ሂዱ፤ እዚያ ጠረጴዛ ዘርግተው የነበሩት የባንክ ሠራተኞች በራሪ ወረቀት ከመስጠት ያለፈ መልስ አልነበራቸውም።

ሁለተኛው ቀን የቅምሻ ቀን ነበር። ስኒዎቹ በቁጥር ብቻ ተሰይመው ተደረደሩ፤ የማን ቡና እንደሆነ ቀማሹም ሻጩም አያውቅም። በስኒው 150 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 8.25 ግራም ቡና፣ አራት ደቂቃ ቆይቶ ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ቡና በማንኪያ መስበር፤ ሥርዓቱ በትክክል ተጠብቋል። አንድ ነገር ግን መጀመሪያ ላይ ተበላሽቶ ነበር። ውሃው ከሆቴሉ ወጥ ቤት በፔርሙስ ነበር የሚመጣው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፤ ለቅምሻ የሚፈለገው ደግሞ 93 ያህል ነው። ስለዚህ ከእሳት እንደወረደ ካልፈሰሰ ጊዜው ያልፋል። በፔርሙስ ኮሪደሩን ተሻግሮ የመጣው ውሃ ቀዝቅዞ የቡናውን ጣዕም አላወጣውም፤ የመጀመሪያው ረድፍ ስኒዎች ድፍን ያለ ጣዕም ሆኑ። ቅምሻውን ይመራ የነበረው ወጣት ባለሙያ አላድበሰበሰም። «ይቅርታ፣ ይህን ረድፍ እንደገና እንሠራዋለን» ብሎ ሁሉንም አስደፋና ማፍያው ጠረጴዛው አጠገብ እንዲመጣ አደረገ። ገዢዎች ሰዓት እያዩ ባሉበት ይህን ማድረግ ድፍረት ይጠይቃል። የአንድ ዓመት ልፋታችን በስኒው ውስጥ ነውና እንደ ባለቤት ቆመልን።

ሀጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲያመርቱ ኖረው በማንኪያ ቀምሰው አያውቁም ነበር። ልጁ እንዴት ወደ ውስጥ እንደሚሳብ አሳያቸው። ሦስት አራት ስኒ ካለፉ በኋላ አንዱ ላይ ቆሙና «ይህ ማድረቂያ አልጋ ላይ ሳይገላበጥ የቆየ ነው» አሉ። ውጤቱ ሲገለጥ ያ ስኒ ከሁሉም ቀማሾች ዝቅ ያለ ነጥብ ያገኘ ሆነ፤ ባለቤቱም ዝናብ በመጣ ጊዜ ሸራ ሸፍኖ እንዳቆየው ተናገረ። ጀርመናዊቷ ሀጂን ትኩር ብላ አየቻቸውና ከዚያ በኋላ ጥያቄዋን ሁሉ ለእሳቸው ማቅረብ ጀመረች። የሀጂ ማኅበር ቡና ከመቶ ከ80 ነጥብ በላይ አግኝቶ ከፍ ብሎ ነው የወጣው።

ስለ ዝርያው ጠየቀች። 74110 እና 74112 እንደሆነ ነገርናት። ቁጥሩን ከዚህ በፊት ጆንያ ላይ አንብባዋለች፤ ከየት እንደመጣ ግን አታውቅም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ ማሳ ሲያጠፋ፣ የመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከየጫካው እየመረጡ አወጡ፤ 74 ቁጥሩ የተመረጡበትን ዓመት፣ 1974ን ነው የሚያሳየው። መልኮ ደግሞ ከጅማ ከተማ ብዙም አይርቅም። «ነገ ማየት እችላለሁ?» አለች። በፕሮግራሙ ውስጥ አልነበረም፤ አውሮፕላኗም በማግስቱ ጠዋት ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ንግግር ግማሽ ቆርጦ ገዢዎቹን ሁሉ መልኮ ማድረስ ይቻል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የሚያሳይ ሌላ ከተማ የለም።

ወሩ በደንብ ተመርጧል። ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ በጥር የታጠበው ቡና ከአልጋ ወርዶ ናሙናው ደርሷል። ያልታጠበ የሚሸጡት ግን ጀንፈላቸው ገና ስላልተፈለፈለ የአምና ናሙና ይዘው መጥተው ነበር፤ ለእነሱ የካቲት መጨረሻ ይሻል ነበር።

እኔ ከመድረኩ ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው የመጣው። ገዢዋ ከእኔ የፈለገችው አርባ ጆንያ ብቻ ነበር። አንድ ኮንቴይነር 320 ባለ 60 ኪሎ ጆንያ፣ 19.2 ቶን ይይዛል። ለአርባ ጆንያ ኮንቴይነር ማንቀሳቀስ አያዋጣም፤ እስከ ዛሬ ስንት ትንሽ ገዢ በዚህ ምክንያት እንዳመለጠን እናውቃለን። የሀጂ ማኅበር ያለው መቶ ያህል ነው። ከኋላችን የተቀመጠው የሊሙ ኮሳው ልጅ ደግሞ የቀረውን ሊሞላ እንደሚችል ተናገረ። ጆንያው በየባለቤቱ ምልክት ተለይቶ፣ ናሙናው ለየብቻ ተልኮ፣ በአንድ ኮንቴይነር ሊጫን እንደሚችል ተነጋገርን። ልጁ ከእኛ መፈልፈያ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ ነው የሚሠራው፤ ከዚያን ቀን በፊት ስሙን እንኳ አልሰማሁም። ናሙናዎቹ ሄደዋል፤ ዋጋ ላይ እየተነጋገርን ነው፤ የተፈረመ ውል ገና የለም።

የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ሁለቴ ቢራዘምም ገዢዎቹ ከወዲሁ ይጠይቃሉ፤ ቡናው እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት አለመምጣቱን፣ ማሳውም በካርታ ላይ የት እንዳለ ማሳየት አለብን። ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል፤ የእኛ ገበሬዎች ማሳ አብዛኛው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። በስልክ ነጥቡን እንዴት እንደሚወስዱ፣ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ መመዝገብ እንዳለበት ያሳየው ሥልጠና ግሩም ነበር። ያስቀመጡት ግን የሁለተኛው ቀን የመጨረሻ ሰዓት ላይ ነው፤ ከገጠር የመጡት መኪና እንዳያመልጣቸው ግማሾቹ ሄደው ነበር። በጣም የሚያስፈልገው ለእነሱ ነበር። የጥላ ዛፍ ሥር የሚያመርት የጌራ ገበሬ ደኑን ጠብቆ ኖሮ በማስረጃ እጥረት ገበያ ቢዘጋበት ግፍ ነው።

ስለዚህ ለአዘጋጆቹ የምለው ይህ ነው። የጂፒኤሱን ሥልጠና የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ላይ አድርጉት። አፋን ኦሮሞ አስተርጓሚ አዳራሹ ውስጥ ይኑር። የጠረጴዛው ክፍያ ቅጹ ላይ ይጻፍ። የድልድሉን ቅጽና ያን የቅምሻ ልጅ ግን እንዳትለውጡ። ለምትሄዱት ደግሞ አንድ ኪሎ ናሙና ከነገለፈቱ ሳይሆን ተፈልፍሎ፣ እርጥበቱ ከ11.5 በመቶ በታች መሆኑ ተለክቶ፣ የመፈልፈያው ስም፣ ከፍታውና ዝርያው ተጽፎበት ያዙ። እኔም፣ የሊሙ ኮሳው ልጅም እንመዘገባለን። ሀጂ በበኩላቸው በሚቀጥለው ጊዜ ቅምሻ እንድትማር የልጅ ልጃቸውን ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል።