ሳብ ሳፊር፦ ልገዛ ለሚል ሰው የአንድ መካኒክ አስተያየት

ስዊድን የሚኖረው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ አሮጌ የጦር አውሮፕላን ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻላል?» ብሎ ባሕር ዳር ደወለልኝ። ደብረ ዘይት በአየር ኃይል መካኒክነት ስላገለገልሁ መልሴ ፈጣን ነበር፦ ሳብ የተባለው የስዊድን ኩባንያ የሠራው ትንሽ ማሠልጠኛ አውሮፕላን፣ ሳፊር።

እርሱ የተመኘው ቲ-6 የተባለውን የአሜሪካ የጦር ማሠልጠኛ አውሮፕላን ነው። ግርማ ሞገሱን አልክድም። ነገር ግን 600 የፈረስ ጉልበት ያለውን ሞተር ነዳጅ መቀለብ የደመወዝተኛ አቅም አይደለም፤ ሦስተኛው ጎማ ከአፍንጫው ሳይሆን ከጅራቱ ሥር ስለሆነም ሲያርፍ ያልተጠነቀቀውን አብራሪ አዙሮ ይጥለዋል።

ሳፊር የእኛም ታሪክ ነው። የአየር ኃይላችንን አብራሪዎች ያሠለጠነው ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በ1947 እ.ኤ.አ. ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ሳያርፍ የበረረው በእርሱ ነው። መሪው ለእጅ ይታዘዛል፤ ለማሠልጠኛ የተሠራም ስለሆነ ስሕተትን ይታገሣል።

ከሳፊር ሞዴሎች 91ዲ የተባለው ይመረጣል። የ91ቢ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር መለዋወጫው ብርቅ ነው፤ የዲው ሞተር፣ የአሜሪካው ላይካሚንግ ኦ-360፣ ግን በብዙ ትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ ስላለ ዕቃው አይቸግርም። ጉልበቱ 180 የፈረስ ጉልበት ነው። ወደ እኛ ቢመጣ ግን ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ይጎድላል። ባለ አራት መቀመጫ ነው ብሎ በቀትር አራት ሰው መጫን አደጋ ነው። በማለዳ፣ ሁለት ሰው ብቻ።

የቀለሙ ውበት አያታልለው። አውሮፕላኑን በክሪክ አስነሥቶ ታጣፊ እግሮቹን ደጋግሞ ያስጣጥፍ፣ ያስዘርጋ። የክንፉን መጋጠሚያ ከፍቶ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ይፈልግ። የሞተሩ የጥገና መዝገብ ከጎደለ ዋጋ ሳይጠይቅ ይመለስ።