ብራውዘሬን የቆለፈብኝ አንቲቫይረስ፤ ከአምስት ሁለት ኮከብ

ይህን ግምገማ በመጀመሪያው ቀን ብጽፈው ኖሮ ግማሽ ኮከብም አልሰጠውም ነበር። አምስት ቀን ቆይቼ፣ ንዴቴ በረድ ሲል ነው የጻፍኩት። የአንቲቫይረሱን ስም አልጠራም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። የምሠራው የትርጉም ሥራ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ብራውዘር ላይ ነው የምውለው። መዝገበ ቃላቱም፣ ደንበኞቼ ፋይል የሚልኩበት ገጽም፣ ኢሜይሌም እዚያ ነው። ላፕቶፑ ሌሊቱን አፕዴት ሲያደርግ አድሯል። ብራውዘሬን ክሮምን ጠቅ አደረግኩት። ከቀስቷ አጠገብ ያቺ ክብ ነገር ሁለቴ ዞረችና ጠፋች። በቃ። መስኮት የለ፣ የስህተት መልእክት የለ።

ደግሜ ጠቅ። ምንም። በንዴት ስምንት ጊዜ ሳልነካው አልቀረሁም። እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚዘረዝረውን ታስክ ማናጀርን ስከፍት ግን ክሮም ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ሜሞሪ ይዞ ቁጭ ብሏል። ቤት ውስጥ ሆኖ በሩ ሲንኳኳ «አቤት» የማይል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ።

ከዚያ ሰው ግራ ሲገባው የሚያደርገውን ሁሉ አደረግኩ። ሪስታርት። ዋይፋይ አጥፍቶ ማብራት (ሌላው ብራውዘር ኤጅ ኢንተርኔቱን እያንበለበለ ሲከፍት ዋይፋዩን ለምን እንደጠረጠርኩት እኔም አልገባኝም)። ቀጥሎ ትልቁን ጥፋት ሠራሁ፤ ክሮምን አራግፌ እንደገና ጫንኩት። ሲራገፍ የአሰሳ መረጃሽንም ላጥፋ ወይ ብላ የምትጠይቅ ትንሽ ሳጥን አለች። በችኮላ ምልክት አደረግኩባት። ቡክማርኮቼ አካውንቴ ላይ ስለነበሩ ኋላ ተመለሱ። ለአንድ ረጅም ሥራ ከፍቼ ያቆየኋቸው ሠላሳ ገደማ ታቦች ግን ሄዱ፤ እስከ ዛሬ የት እንዳገኘኋቸው የማላስታውሳቸው ገጾች አሉ። አዲሱ ክሮምስ? ያው። ሁለት ዙር ዞሮ ዝም።

እስከዚህ ድረስ አንቲቫይረሱን ለአፍታም አልጠረጠርኩትም። ምን ብዬ ልጠርጥረው? ቫይረስ ያገኘ ቀን በስተቀኝ ከታች ቀይ ሳጥን አውጥቶ የሚጮኸው እሱ ነው። ያን ዕለት ግን አረንጓዴ ምልክቱን እያሳየ «ኮምፒውተርዎ የተጠበቀ ነው» ይለኛል።

ነገሩን የፈታው ታናሽ ወንድሜ ነው። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን ሲጠግን የሚውል ልጅ ነው። ስልክ ደውዬ ስነግረው ትንሽ አሰበና «እታለም፣ እስቲ የክሮምን ፋይል ስም ቀይሪው» አለኝ። ያሾፈ መሰለኝ። ክሮም የተጫነበት ፎልደር ውስጥ ገብቼ ዋናውን ፋይል «ቀበጥ» ብዬ ሰየምኩት። ጠቅ አደረግኩ። ተከፈተ!

ያው ክሮም፣ ያው ፋይል። የተቀየረው ስሙ ብቻ ነው። ወንድሜ ከት ብሎ ሳቀ። «በቃ አንቲቫይረስሽ ነው። ክሮም የሚል ስም ሲያይ ነው የሚይዘው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙዎቹ አንቲቫይረሶች ፋይል ብቻ አይፈትሹም። ብራውዘርን ለብቻው የሚጠብቅ ክፍል አላቸው፤ የእኔ «ኤክስፕሎይት ፕሮቴክሽን» ይለዋል። ይህ ክፍል ስማቸው መዝገቡ ላይ ያለ ፕሮግራሞች ሲነሡ የራሱን ኮድ ውስጣቸው ያስገባና እንቅስቃሴያቸውን ይከታተላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ክፉ ገጽ የብራውዘሩን ቀዳዳ ተጠቅሞ ሊገባ ሲሞክር እዚያው ይያዛል። ችግሩ፣ ብራውዘሮች በየጥቂት ሳምንቱ አዲስ ቅጂ ያወጣሉ፤ ዊንዶውስም በየወሩ ይታደሳል፤ አንቲቫይረሱም እንዲሁ። ከሦስቱ አንዱ ውስጡን ሲቀይር፣ ያ የገባው ኮድ ትናንት ያገኘውን ነገር ዛሬ ቦታው ላይ ያጣዋል። ያኔ ብራውዘሩ ይነሣል፣ መስኮት ግን አያወጣም።

መፍትሔው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ሴቲንግ፣ ከዚያ ጥበቃ፣ ከዚያ ጥበቃ የሚደረግላቸው ፕሮግራሞች ዝርዝር፣ ከዚያ ክሮም አጠገብ ያለችውን ማብሪያ ማጥፋት። የፋይሉን ስም መለስኩት። ተከፈተ። ሦስት ሰዓት ሙሉ የተንገላታሁት ለዚች ማብሪያ ነው።

ሙሉ አንቲቫይረሱን ላጥፋው ስለው ወንድሜ ተቆጣኝ። «አጥፍተሽ እንዳትረሺው! ያቺን አንዷን ብቻ።» ልክ ነው። ደግሞም አንቲቫይረስ ብራውዘርን ሲይዝ ሁልጊዜ ተሳስቶ ነው ማለት አይደለም። ፋይሉን የጠረጠራቸውን ለይቶ ወደሚያስቀምጥበት ማቆያ ወስዶት ከሆነ፣ ከመመለሳችሁ በፊት በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ የፋይሉን ባሕርያት ክፈቱና ፋይሉን ማን እንዳወጣው የሚያሳየው ዲጂታል ፊርማ የብራውዘሩ ባለቤት መሆኑን እዩ። ብራውዘሩን ያወረዳችሁት ከዋናው ገጹ ካልሆነ ደግሞ አንቲቫይረሱን ከመስደብ በፊት ራሳችሁን ጠርጥሩ።

ስሙን ያልጠራሁበት ምክንያት ይኸውላችሁ፤ ይህ የአንድ ኩባንያ በሽታ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ2011 የማይክሮሶፍት የራሱ አንቲቫይረስ ክሮምን የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ቫይረስ ነው ብሎ ከሰዎች ኮምፒውተር ላይ አጥፍቶት ነበር። በሰዓታት ውስጥ አስተካከሉት፤ ግን ሆነ። በ2019 ፋየርፎክስ የተባለው ብራውዘር 65ኛ ቅጂ ሲወጣ፣ አንዳንድ አንቲቫይረሶች የተመሰጠረውን የድረ ገጽ ግንኙነት መሀል ገብተው ለመፈተሽ የሚጠቀሙበትን ሰርተፊኬት (የዲጂታል መታወቂያ በሉት) ብራውዘሩ አላውቀውም አለ። ሰዎች የከፈቱት ገጽ ሁሉ «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» ይላቸው ጀመር። የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ አፕዴቱን ለጊዜው እስከማቆም ደርሷል። በ2023 ሰኔ ደግሞ ከአንድ የዊንዶውስ 11 አፕዴት በኋላ፣ የተወሰኑ የደኅንነት ሶፍትዌሮች ባሉባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ክሮም ታስክ ማናጀር ውስጥ እየታየ መስኮቱ አልወጣ አለ። ይህን ሳነብ የራሴን ማክሰኞ ያነበብኩ መሰለኝ።

ስለዚህ መሳሳቱን ይቅር ብየዋለሁ። ይቅር ያላልኩት ዝም ማለቱን ነው። ብራውዘሬን መያዙን የሚገልጽ አንዲት መስመር እንኳ የትም አልጻፈም። የክስተቶች መዝገብ የሚል ገጽ አለው፤ ገብቼ አየሁት። ያን ቀን የተመዘገበው «ፍተሻ ተጠናቋል፣ 0 ስጋት» ብቻ ነው። «ይህን ፕሮግራም አግጄዋለሁ» የምትል አጭር ሳጥን ብትወጣ ኖሮ ክሮምን አላራግፍም፣ ታቦቼም አይጠፉም፣ ወንድሜንም ከሥራው አላስተጓጉለውም ነበር።

የደንበኛ አገልግሎቱን በአጭሩ ልለፈው። መጀመሪያ የሚያናግራችሁ ሮቦት ነው፤ «ሰው» ብላችሁ ሦስቴ ካልጻፋችሁ አይለቃችሁም። ሰው ያገኘሁት በሁለተኛው ቀን ነው። ትሑት ነው፣ ግን ችግሩን ራሴ ፈትቼዋለሁ ብለውም አንቲቫይረሱን አራግፌ እንድጭን መከረኝ። በአምስተኛው ቀን አዲስ አፕዴት መጣ። ማብሪያዋን መልሼ አበራኋት፤ ክሮም በሰላም ተከፈተ። የአፕዴቱን ማስታወሻ ሳነብ ምን ይላል? «ጥቃቅን ማሻሻያዎች»። የእኔ ሠላሳ ታቦች ጥቃቅን መሆናቸው ነው።

ሁለቱን ኮከብ የሰጠሁት በሐቅ ነው። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ይህ ሶፍትዌር ግን አላንቀራፈፈውም፤ ሲፈትሽ እንኳ መሥራት ይቻላል። የደንበኞች ፍላሽ ላይ ፎልደሩን ደብቆ በምትኩ ሾርትከት የሚያስቀምጠውን ያን አሰልቺ ቫይረስ ሁለቴ ይዞልኛል፤ ፋይሎቹንም አልነካም። አንዴ ደግሞ የባንክ ገጽ መስሎ የመጣ የውሸት ሊንክ ላይ አስቁሞኛል። ያን ቀን ብወድቅ ኖሮ ስለ ታብ ባልተከራከርኩ።

የአንድ ዓመት ክፍያዬ ሲያልቅ ግን አላድሰውም። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ አብሮ የሚመጣው የማይክሮሶፍት አንቲቫይረስ ዲፌንደር አለ፤ ሌላ አንቲቫይረስ ሲራገፍ ራሱ ሥራ ይጀምራል። ለእኔ ዓይነት ተጠቃሚ ይበቃል ይላል ወንድሜ። ዲፌንደርም ተሳስቶ አያውቅም ማለቴ አይደለም፤ ቢያንስ ጠባቂውም ዊንዶውሱም የአንድ ኩባንያ ይሆኑልኛል፣ ነገር ሲበላሽ የምጠረጥረው አንድ ያንሳል።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ በስተቀኝ ከታች አንድ ሳጥን ብቅ አለ። ደማቅ ነው፣ ድምፅም አለው። «ጥበቃዎ ሊያበቃ 40 ቀን ቀርቶታል፤ አሁኑኑ ያድሱ።» ትናንትም መጥቶ ነበር። ከትናንት በስቲያም።