እንዳለ መድገም ወይስ እንደገና መሥራት?

በደብረ ብርሃን የሮክ ሙዚቃ የምንወድ ጓደኛሞች ስንገናኝ ክርክራችን ብዙ ጊዜ የሚያርፈው የሌላውን ዘፈን እንዳለ በሚደግም ባንድና ፈትቶ እንደገና በሚሠራ ባንድ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። እንዳለ መድገም ለጀማሪ ጊታር ተጫዋች እጅ ማፍታቻ ይሆናል፤ ሠርግ ላይም ታዳሚው አብሮ ያዜማል። ሆኖም ዋናው ቅጂ እያለ ግልባጩን ቤቴ ቁጭ ብዬ የማዳምጥበት ምክንያት አይታየኝም።

አሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላን እ.ኤ.አ. በ1967 በአኮስቲክ ጊታርና በሃርሞኒካ ቆጠብ አድርጎ ያወጣውን «ኦል አሎንግ ዘ ዋችታወር» የተባለ ዘፈን ጊታር ተጫዋቹ ጂሚ ሄንድሪክስ በ1968 በኤሌክትሪክ ጊታር ሲጫወተው፣ በስንኞቹ መካከል ጊታሩ ራሱ ተራኪ ሆኖ ይገባል። ዲላንም ከዚያ በኋላ በመድረክ ላይ ዘፈኑን ወደ ሄንድሪክስ አጨዋወት አስጠግቶታል፤ እንደገና መሥራት እንደሚበልጥ ለእኔ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ለዛ ቢስ የሚባሉ የሮክ ባንዶችን ተደብቆ የሚሰማ ጓደኛ አለን። የወደደውን ዜማ በግልጽ ቢያዳምጥ ደስ ይለኛል፤ እነዚያ ባንዶች የሌላውን ዘፈን ሲጫወቱ ግን ሻካራውን ሁሉ ሞርደው ያወጡታል፣ ይህ ደግሞ እንዳለ ከመድገምም የከፋ ነው።

እንደገና መሥራት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ትዝታ በአምስት ድምፆች የቆመ ቅኝት ሆኖ ሳለ፣ ድምፃዊው ጌታቸው ካሣ ቀስ ያለውንም ፈጠን ያለውንም ተጫውቶታል፤ ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው ያው ዜማ በፍጥነቱ ብቻ ከብሶት ወደ ጭፈራ ሲሻገር ያገኘዋል።